ከአሰብ መንገድ እስከ ፕሮክሲማ

ጥር 2017 ዓ.ም. ላይ አንድ ማታ መብራት ጠፋና ለጥናት ግቢ የነበሩ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎቼ ከክፍል ወጡ። ኮምቦልቻ ጨልማለች፤ ሰማዩ ግን ጥርት ብሏል። ድንገት በምዕራብ በኩል ከተራራው ጫፍ ሃያ የሚሆኑ ነጫጭ ነጥቦች እንደ ግመል ቅፍለት ተሰልፈው ብቅ አሉ። ድምፅ የላቸውም፤ አንዱ ሌላውን አይቀድምም። «ቲቸር፣ መጡ!» ብሎ አንዱ ጮኸ። ግማሹ ሳቀ፤ ግማሹ ስልኩን አውጥቶ መቅረጽ ጀመረ።

የስታርሊንክ ሳተላይቶች መሆናቸውን ነገርኳቸው። ብዙ ሆነው በአንድ ሮኬት ይወጣሉ፤ ወደየቦታቸው እስኪበታተኑ ድረስም ለጥቂት ቀናት እንዲህ ተከታትለው ይታያሉ። እኛ ጋ መሽቷል፤ እነሱ ካሉበት ከፍታ ላይ ግን ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤ የምታበራቸው እሷ ናት። ብዙዎቹ በዚህ ረኩ። አንዲት ዝምተኛ ልጅ ግን አልለቀቀችኝም። «እሺ ቲቸር፣ እነዚህስ ሳተላይት ይሁኑ። ግን ከሌላ ኮከብ ተነስቶ እኛ ጋ መምጣት ይቻላል? አይቻልም?»

«በጣም ሩቅ ነው» አልኳት። መብራት መጣና ወደ ጥናታቸው ተመለሱ። እኔ ግን መልሴ ሲከነክነኝ አደረ። ሩቅ ነው ማለት አይቻልም ማለት አይደለም። ይህን ደግሞ ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ የሩቅ መንገደኛ ልጅ ነኝና።

አባቴ ከአሰብ ማጣሪያ ነዳጅ የሚያመላልሱ የቦቴ ሾፌር ነበሩ። በግንቦት 1979 ዓ.ም.፣ የ13 ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ይዘውኝ ወረዱ። ባቲን አልፈን ሚሌ ስንደርስ መሸ። ካቢናው እንደ ምጣድ ግሎ አላስተኛ ስላለን ደጅ ምንጣፍ አንጥፈን ተጋደምን፤ አባቴ፣ ረዳታቸውና እኔ። እንደዚያ ያለ ሰማይ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። በደቡብ በኩል፣ ከአድማስ ትንሽ ከፍ ብለው፣ ሁለት ደማቅ ኮከቦች ጎን ለጎን ቆመዋል። «እኔ ጥማዶቹ እላቸዋለሁ» አሉ አባቴ። «በግንቦት እዚህ ባደርኩ ቁጥር እንደተጠመዱ በሬዎች አብረው ናቸው።»

የኮከቦቹን ስም ያወቅኩት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው። አንዱ አልፋ ሴንታውሪ ነው፤ ሌላው ሐዳር ይባላል። አዎ፣ ሐዳር። ሉሲ የተገኘችበት የአፋሩ ሐዳርም ከሚሌ በስተደቡብ፣ ብዙ ሳይርቅ ነው ያለው። የስማቸው መመሳሰል አጋጣሚ ብቻ ነው፤ የኮከቡ ስም ከዐረብኛ የመጣ ነው። ያም ሆኖ ያን ሌሊት ወደ ሐዳር ኮከብ ያየንበት አቅጣጫ የሉሲ አገር ያለበት መሆኑን ሳስብ እስከ ዛሬ ልቤ ይሞላል።

ከስማቸው ይልቅ የገረመኝ ርቀታቸው ነበር። የአባቴ ጥማዶች ጎረቤት እንኳ አይደሉም። አልፋ ሴንታውሪ 4.4 የብርሃን ዓመት ይርቃል፤ ሐዳር ወደ 390። ብርሃን በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ዛሬ ከሐዳር ወደ ዓይናችን የሚገባው ብርሃን መንገድ የጀመረው አፄ ፋሲል ጎንደርን በቆረቆሩበት ዘመን ነው።

የብርሃን ዓመት ለተማሪ ጆሮ ባዶ ቃል ስለሚሆን፣ እኔ ክፍል ውስጥ የማስረዳው በአባቴ መንገድ ነው። ከአዲስ አበባ አሰብ ወደ 880 ኪሎ ሜትር ነው። ፀሐይን መስቀል አደባባይ አቁሟት፤ ፕሮክሲማን አሰብ ወደብ ላይ። ፕሮክሲማ ከአልፋ ሴንታውሪ ሦስት ኮከቦች አንዷ ስትሆን በባዶ ዓይን አትታይም፤ ግን በ4.24 የብርሃን ዓመት ከሁሉም የምትቀርበን እሷ ናት። እ.ኤ.አ. በ2016 ከምድር ጋር የሚቀራረብ ክብደት ያላት ፕላኔት ስትዞራት ተገኝታለች። እንግዲህ ፀሐይ መስቀል አደባባይ፣ ፕሮክሲማ አሰብ ከሆኑ፣ ምድራችን ከፀሐይ 3 ሜትር ከ30 ሳንቲም ያህል ትርቃለች። እውነተኛው ርቀት 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው።

አሁን ቮዬጀር 1 የተባለችውን መንኩራኩር እንፈልጋት። እ.ኤ.አ. መስከረም 5 ቀን 1977 ከምድር ተነሳች፤ በሴኮንድ 17 ኪሎ ሜትር ትበራለች፤ ሰው ከሠራው ነገር ሁሉ እሷን ያህል የራቀ የለም። ወደ 25 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ተጉዛለች። በእኛ ካርታ ግን ከ48 ዓመት በኋላ ከመስቀል አደባባይ 550 ሜትር ሄዳ ስታዲየም አጠገብ ናት። ፊቷን ወደ ፕሮክሲማ ብታዞር እንኳ ለመድረስ ወደ 75,000 ዓመት ይፈጅባታል። እ.ኤ.አ. በ2024 ማብቂያ በፀሐይ አጠገብ በሰዓት 692,000 ኪሎ ሜትር የፈተለከችው ፓርከር የተባለችው መንኩራኩር ያን ፍጥነቷን ይዛ መቀጠል ብትችል ኖሮ ከ6,600 ዓመት በላይ ትሄድ ነበር። ሐዳርን በዚህ ካርታ ላይ ላስቀምጥ ካልኩ ኢትዮጵያም አፍሪካም አይበቃኝም፤ መሬትን ሁለት ጊዜ መዞር አለብኝ።

«በጣም ሩቅ ነው» ያልኳት ይህን አስቤ ነው። ግን ሩቅነት የመንገደኛ ችግር የሚሆነው በስንቅና በነዳጅ ነው፤ ስለዚህ ስለ ነዳጅ ላውራ።

ከአሰብ ሞልተን ስንመለስ አባቴን ጠየቅኳቸው፤ «አባባ፣ ቦቴው ሙሉ ናፍጣ አይደል? ለምን ለመኪናው ከሱ አይቀዱም?» የሰው ንብረት ነው፣ ታሽጓል አሉኝ። ከዚያ የባቲን ዳገት ተያያዝነው። ሞተሩ ያቃስታል፤ መኪናው እንደ ኤሊ ነው። «ስወርድ ባዶ ነኝ፣ ጥቂት ይበቃኛል» አሉ መሪውን እንደያዙ። «ሞልቼ ስወጣ ግን ነዳጁ ራሱ ነዳጅ ይበላል።»

ነዳጁ ራሱ ነዳጅ ይበላል። ሩሲያዊው መምህር ኮንስታንቲን ጺዮልኮቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1903 በሒሳብ አስፍሮ ያሳተመው ሕግ ይኸው ነው። በኮከቦች መሐል ማደያ የለም። መንኩራኩር የሚያስፈልጋትን ሁሉ ተሸክማ ትነሳለች፤ የተሸከመችውን ለመግፋት ሌላ ነዳጅ ያስፈልጋል፤ ያንን ለመግፋት ደግሞ ሌላ። ሒሳቡ በጣም ጨካኝ ነው። ዛሬ ሳተላይት በምናወጣበት የሚነድ ነዳጅ አንዲት ግራም ብቻ ወደ ብርሃን ፍጥነት 1 በመቶ ላድርስ ያለ ሰው፣ በሚታየው ዩኒቨርስ ውስጥ ያለው ቁስ ሁሉ ተሰብስቦ ነዳጅ ቢሆንለት እንኳ አይበቃውም። በዚህ መንገድ የሚመጣ እንግዳ የለም፤ እዚህ ላይ እርግጠኛ ነኝ።

ሌላ ዓይነት ነዳጅስ? የአቶም ጉልበት አለ። እንደ ፀሐይ ቀላል አቶሞችን አዋህዶ የሚገኘው ጉልበት ከናፍጣም ከሮኬት ነዳጅም በሚሊዮን እጥፍ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. ከ1973 እስከ 1978 የብሪታንያ ኢንተርፕላኔተሪ ማኅበር ሊቃውንት በዚህ ጉልበት የምትሄድ ዴዳለስ የተባለች መንኩራኩር በወረቀት ነድፈው ነበር። ክብደቷ 54,000 ቶን ነው፤ 50,000ው ነዳጅ። በብርሃን ፍጥነት 12 በመቶ በርራ ባርናርድ የተባለው ኮከብ ጋ በ50 ዓመት ትደርሳለች። ግን ፍሬን የላትም። ከባቲ ወደ ሚሌ ቁልቁል ሲወርዱ አባቴ ማርሽ ቀንሰው በሞተር ይዘው ነበር የሚያወርዱት። ጠፈር ውስጥ የሚይዝ አየርም አስፋልትም የለም፤ ለመቆም የሚያስፈልገው ጉልበት ለመነሳት ከወጣው ጋር እኩል ነው። ስለዚህ ዴዳለስ 50 ዓመት ተጉዛ ስትደርስ፣ ከፀሐይ እስከ ምድር የሚያህለውን ርቀት በ70 ደቂቃ እያቋረጠች በኮከቡ አጠገብ አልፋው ትሄዳለች።

ጉልበቱን በምናውቀው ነገር እንለካው። ሕዳሴ ግድባችን 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ በዓመት ይሰጣል የተባለውም ወደ 15,700 ጊጋ ዋት ሰዓት ነው። አንድ ኪሎ ጤፍ ወደ ብርሃን ፍጥነት 10 በመቶ ለማድረስ ግድቡ በሦስት ቀን የሚያመነጨው ኃይል በሙሉ ይጠይቃል፤ ያውም ቅንጣት ሳይባክን። 100 ቶን የምትመዝን መንኩራኩር ከሆነች 800 ዓመት፤ ስደርስ ልቁም ካለች 1,600 ዓመት። ወደ 99 በመቶ እንሂድ ብንል ያው አንድ ኪሎ ጤፍ ብቻውን የግድቡን አሥር ዓመት ገደማ ይውጣል። እርግጥ በዚያ ፍጥነት አይንስታይን እንዳሳየው ለተጓዦቹ ጊዜው ራሱ ስለሚያጥር ፕሮክሲማ ለእነሱ የሰባት ወር መንገድ ነው። ቁጥሩን ሳየው ዛሬም ይደንቀኛል፤ ሒሳቡን የሚከፍል እስካለ ድረስ ተፈጥሮ በሩን አልዘጋችም።

አፋር ላይ ንፋሱ ሲነሳ አሸዋው የመኪናውን ቀለም ይልጣል። በብርሃን ፍጥነት 10 በመቶ ለሚሄድ ግን አንድ ሚሊግራም የምታህል ቅንጣት መቶ ኪሎ ፈንጂ ሆና ነው የምትመታው። ኮከቦች መሐል ያለው ቦታ ባዶ ቢመስልም አቧራ አያጣም፤ ተጓዡ ከነዳጁ ሌላ ወፍራም ጋሻ መሸከም አለበት።

አሰብ ወደብ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ባለሸራ ጀልባ አየሁ። ሞተር የለውም፣ ናፍጣ አይጭንም፤ ንፋሱ ይገፋዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 ባለሀብቱ ዩሪ ሚልነርና የፊዚክስ ሊቁ ስቲቨን ሆኪንግ ይፋ ያደረጉት ስታርሾት የተባለው ሐሳብ ይህንኑ ጀልባ ይመስላል። ጥቂት ግራም የሚመዝን መሣሪያ ከስስ ሸራ ጋር ጠፈር ላይ ይለቀቃል፤ ከምድር 100 ጊጋ ዋት የሌዘር ብርሃን ለጥቂት ደቂቃ ይገፋዋል። የብርሃንን ፍጥነት 20 በመቶ ይዞ በ20 ዓመት ገደማ አልፋ ሴንታውሪ ይደርሳል። 100 ጊጋ ዋት ማለት ወደ 20 የሚጠጉ ሕዳሴ ግድቦች በአንድ ጊዜ ማለት ነው። እስካሁን የተነሳች ሸራ የለችም። ሆኖም የተፈጥሮን ሕግ የሚጥስ ነገር የለበትም፤ የጎደለው አቅም ነው። እኛ በመቶ ዓመት ውስጥ ከእንጨት አውሮፕላን እዚህ ከደረስን፣ በሚሊዮን ዓመት የሚቀድመን ሌላ ፍጡር ቢኖርስ?

ይህን ጥያቄ ፊት ለፊት ያነሳው የፊዚክስ ሊቁ ኤንሪኮ ፌርሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 በጋ፣ አሜሪካ ሎስ አላሞስ ውስጥ ከኤድዋርድ ቴለር፣ ከኤሚል ኮኖፒንስኪና ከኸርበርት ዮርክ ጋር ምሳ ላይ ሳለ ነበር ታዲያ ሁሉም የት አሉ ብሎ የጠየቀው። ነገሩ ቀልድ ይመስላል፤ ከበስተኋላው ግን ጠንካራ ሒሳብ አለ። የእኛ ጋላክሲ ፍኖተ ሐሊብ ከዳር እስከ ዳር ወደ 100,000 የብርሃን ዓመት ነው። በብርሃን ፍጥነት 1 በመቶ ብቻ የሚጓዝ ነገር በ10 ሚሊዮን ዓመት ያቋርጠዋል። ከኮከብ ወደ ኮከብ እያረፈ፣ ልጅ እየወለደ፣ ስንቅ እየሰነቀ ቢሄድ ይዘገያል እንጂ አይቀርም። ጋላክሲው ግን ከ13 ቢሊዮን ዓመት በላይ፣ ምድርም 4.5 ቢሊዮን ዓመት ሆኗቸዋል። ማይክል ሃርት የተባለ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1975 ይህን አጥብቆ ተከራክሮበታል።

እንግዲህ ለዚያች ልጅ የሚገባት መልስ፦ ይቻላል። ለአንድ ሰው ዕድሜ ከባድ ነው፤ ለጋላክሲ ዕድሜ ግን አጭር መንገድ ነው። ርቀቱን ይዤ «ሊመጡ አይችሉም» ብዬ መከራከር ትቻለሁ። የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው፤ መጥተው ከሆነ ዱካቸው የታለ?

የአሰብ መንገድ ያስተማረኝ ይህንን ነው። ከሰርዶ ወዲያ ሰው አይታይም፤ ግን ሰው ማለፉን የማያሳይ አንድ ኪሎ ሜትር አልነበረም። የተቃጠለ ጎማ፣ አስፋልት ላይ የፈሰሰ ዘይት፣ የሰርዲን ቆርቆሮ፣ ለሻይ የተጎለቱ ሦስት ድንጋዮች። አባቴ ጎማውን አይተው መኪናው ምን ዓይነት እንደነበር ይነግሩኝ ነበር። እዚህ ድረስ የደረሰ መንገደኛ ደግሞ ከቦቴ ሾፌር እጅግ የበለጠ ኃይል ያወጣ ነው። ሙቀቱ፣ ቆሻሻው፣ የጣለው ብረት የሆነ ቦታ መገኘት አለበት። ምድር ላይ ዝናብና ወንዝ ያጠፋዋል እንበል። ጨረቃ ላይ ግን ንፋስም ዝናብም የለም። የአፖሎ ጠፈርተኞች የረገጡት መንገድ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላም ከላይ በተነሳ ፎቶ ላይ ቀጭን መስመር ሆኖ ይታያል። እዚያ የእኛ ዱካ አለ፤ የሌላ የማንም አልተገኘም።

ሰማይ ላይ ስለታዩት መብራቶችስ? የአሜሪካ አየር ኃይል ብሉ ቡክ በሚባለው ጥናቱ እስከ 1969 እ.ኤ.አ. ድረስ 12,618 ሪፖርቶችን መርምሯል። 701ዱ ምን እንደሆኑ ሳይለይ ቀሩ። እንዲህ ያሉ ሪፖርቶችን የሚያጣራው የፔንታጎን መሥሪያ ቤትም እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ባወጣው ሪፖርት ከሌላ ዓለም የመጣ ነገር ለመኖሩ ማስረጃ አለማግኘቱን ገልጿል። 701 የሚለውን ቁጥር ይዘው የሚሟገቱኝ ተማሪዎች አሉ፤ ደስ ይለኛል፤ እኔም የአጥቢያ ኮከብን ታሪክ እነግራቸዋለሁ።

በዚያ የመጀመሪያ ጉዞዬ ከሚሌ የተነሳነው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነበር። ጥቂት እንደሄድን ረዳቱ ከፊታችን አንድ መብራት አየ። «መኪና መጣ፣ መብራት ይቀንሱ» አለ። አባቴ ቀነሱ። መኪናው አይደርስም። መንገዱ ሲታጠፍ ወደ ጎን ይላል፣ ሲቃና ይመለሳል፤ ቆመን ስናየው ይቆማል። ረዳቱ ሽፍታ ነው አለ፤ ቀጥሎም ዝም ብሎ ማማተብ ጀመረ። እኔ የአባቴን ጋቢ ያዝኩ። አባቴ ሞተሩን አጠፉና ወርደው ብቻቸውን ብዙ ቆዩ። ተመልሰው ሲገቡ «ከፍ እያለ ነው። አጥቢያ ኮከብ ናት» አሉ፤ አስነስተውም ሄድን። ቬነስ ነበረች። ፈርተው ቢመለሱ ኖሮ እስከ ዛሬ ድረስ በቤታችን የሚነገር ያልተለየ መብራት ይሆን ነበር።

ከሌላ ኮከብ በእርግጥ የመጡ እንግዶች ግን አሉ፤ ይህን ስናገር ክፍሉ ጸጥ ይላል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2017 ሃዋይ ያለ ቴሌስኮፕ ኦሙአሙአ የተባለችውን አካል አገኘ። በ2019 ጌናዲ ቦሪሶቭ በስሙ የምትጠራውን ጅራታም ኮከብ፣ በሐምሌ 2025 ደግሞ ቺሊ ያለው አትላስ የተባለ ቴሌስኮፕ ሦስተኛዋን አገኙ። ፍጥነታቸው ፀሐይ ልትይዛቸው ከምትችለው በላይ ነው፤ ስለዚህ የመጡት ከውጭ ነው፤ ተመልሰውም ይወጣሉ። ድንጋይና በረዶ ናቸው። ኦሙአሙአ የተሠራ ነገር ሊሆን ይችላል ያሉ ሊቅ አሉ፤ እኔን አላሳመኑኝም፤ ግን መፈተሽ ያለበት ጥያቄ ነው። ነዳጅ ሳይዝ፣ ሳይቸኩል፣ በሚሊዮን ዓመታት ኮከብን ከኮከብ የሚያገናኝ መንገድ መኖሩን እነዚህ ድንጋዮች አሳይተውናል።

የእኛዋ ቮዬጀርም አንድ ቀን ለሌላ ሰማይ እንዲህ ያለች እንግዳ ነገር ትሆናለች። በወርቅ የተለበጠ ሸክላ ይዛለች፤ በ55 ቋንቋ ሰላምታ ተቀርጾበታል። ሉጋንዳ አለበት፣ ሶቶ አለበት፣ ከሺህ ዓመታት በፊት የሞተው ሱመርኛ ሳይቀር አለበት። አማርኛ የለበትም። ይህን መጀመሪያ ሳነብ ያዘንኩት ሐዘን አልወጣልኝም። ለማን እንደሚደርስ ባይታወቅም «እንደምን ናችሁ» የሚል አንድ ድምፅ አብሮ ቢሄድ ምን ነበረበት።

መብራት በጠፋበት በዚያው ዓመት፣ በግንቦት፣ ከክረምቱ ደመና በፊት፣ ተማሪዎቼን ከከተማው በላይ ያለው ኮረብታ ላይ አወጣኋቸው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ጥማዶቹ በደቡብ ቆመዋል። ለዚያች ልጅ በጥር የሸሸሁትን መልስ እዚያ ሰጠኋት፤ ነዳጁን፣ ዱካውን፣ ድንጋዮቹን። ዝም ብላ ሰማችና፣ «ሐዳር ላይ ያለ ሰው አሁን ወደ እኛ ቢያይ ምን ያያል?» አለችኝ።

«ጎንደር ገና ስትቆረቆር» አልኳት። ራዲዮ የለም፣ መብራት የለም። በአየራችን ውስጥ ካለው ኦክስጅን ሕይወት መኖሩን ሊገምት ይችላል፤ እኛን ግን አያውቀንም።

ስልኳን አውጥታ መብራቱን አበራች፤ ወደ ደቡብ ዘርግታ ሦስት ጊዜ አብርታ አጠፋች። «ይሄ መቼ ይደርሳል?»

«ሐዳር በ2407 ዓ.ም.። አልፋ ሴንታውሪ ግን 2022 መጀመሪያ ላይ።»

በጣቷ ቆጠረች። «ያኔ ዩኒቨርሲቲ ጨርሻለሁ» አለችና አንድ ጊዜ ደግማ አበራች።